ሦስት እግር ይዞ የወደቀ

«ሌንስህ ስንት ነው?»

«600።»

«ስታንዱስ?»

«እሱ ከሪንግ ላይት ጋር በምርቃት የመጣ ነው።»

«ታዲያ 600 ያልከኝ ሚሊሜትሩን ነው ብሩን?»

ሐይቅ ከተማ ቡና ላይ የተቀመጠ ሰው ከአዲስ አበባ ወፍ ሊያነሳ የመጣን ጎረምሳ የሚቀበለው በዚህ ነው። የወሎ ሰው ካልተረበህ ገና እንግዳ ነህ፤ ከተረበህ ሁለተኛው ስኒ እየተቀዳልህ ነው። እኔም በዚህ ዓምድ ከተራቢው ጎን ነኝ። በዚህ ጉዳይ ልክ ነውና።

የዱር እንስሳና የወፍ ፎቶ የሚያነሱ ወገኖቻችን አንድ አመል አላቸው። ገንዘቡ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣና ሌንሱ ላይ ያልቃል፤ ወደ እግር የሚወርደው ፍርፋሪው ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው 600 ሚሊሜትር ኤፍ 4 ሌንስ ገበያ ሲገባ ዋጋው 13 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። በብር አስሉት ብዬ ቀናችሁን አላበላሽም። ይህን የገዛ ሰው፣ ወይም ውጭ ያለ ዘመዱን ለምኖ ያስመጣ ሰው፣ «በምን ታቆመዋለህ?» ሲሉት «ስታንድ ያው ስታንድ ነው» ይላል።

ያው ከሆነ እንቁጠረዋ። 600 ሚሊሜትር ሌንስ ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ ተገጥሞ 100 ሜትር ርቆ ያለ ነገር ሲያይ፣ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ የሚያየው 6 ሜትር ብቻ ነው። ያንን 6 ሜትር ለ8,256 ፒክስል አካፍለው፤ የኒኮን ዲ850 እና የዜድ9 ምስል ወርዱ ይህን ያህል ነው። ለአንዱ ፒክስል አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይደርሰውም። ሌንሱ 40 ሳንቲሜትር ቢረዝም፣ አፉ ሦስት ማይክሮን ዝቅ ባለ ቁጥር ምስሉ በአንድ ፒክስል ተንሸራቷል ማለት ነው። ሦስት ማይክሮን የሰው ፀጉር ውፍረት አንድ ሃያኛ አይሞላም። አንተ የምርቃት ስታንድህን አስፋልት ዳር ተክለህ፣ ባጃጅ ባጠገብህ ባለፈ ቁጥር «ፎከሱ እምቢ አለኝ» ትላለህ። ፎከሱ ምን በደለ? የሚጨፍረው እግሩ ነው።

«እሱ ድሮ ነው፤ አሁን እኮ ሌንሶቹ ቀለዋል!» የሚል ደግሞ አይጠፋም።

እውነቱን ነው፣ ቀለዋል። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ባለማረጋጊያው 600 ሚሊሜትር 5.36 ኪሎ ይመዝን ነበር። ተከታዩ 3.92 ሆነ። በ2018 የመጣው ሦስተኛው 3.05 ነው። ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ 2 ኪሎ ከ300 ግራም ረገፈለት። ታዲያ 600ው 300 ሆነ እንዴ? የከሳው ሥጋው ነው፤ ርቀት የሚያቀርበውም፣ ንዝረት የሚያጎላውም ርዝመቱ እዚያው አለ። እንዲያውም አሮጌው በገዛ ክብደቱ ይረጋ ነበር፤ አዲሱን ነፋሱም ጣትህም እንደልባቸው ይገፉታል። «ሌንሴ ቀለለ፣ ስታንዴም ይቅለል» ያልከው ሰውዬ፣ ከሳሁ ብሎ ቤቱን በሸንበቆ ያቆመ ሰው አይተሃል?

አሁን ካርቶኑን ያዙልኝ። ከምርቃቱ የተሻለ ስታንድ የገዛው ጎረምሳ ክርክሩ ሲጠብበት የሚያወጣው ማስረጃ እሱ ነው። «ይኸው! 20 ኪሎ ይሸከማል ይላል!»

ወንድምዓለም፣ የት ቆመህ እንደምታወራ ታውቃለህ? ከሐይቅ ወደ ወልድያ ስትሄድ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ የምትባል ከተማ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ ከጣሊያን ጋር ውል ተፈርሟል። አንቀጽ 17 ለእኛ አንድ ነገር ይላል፤ ሮም ላይ ሲነበብ ሌላ ነገር ይላል። ያንን ለማስተካከል ዓድዋ ድረስ ተሄዷል። አንተ ዛሬ እዚሁ አገር፣ ያውም ጣሊያን የተሠራ ስታንድ ካርቶን ይዘህ፣ የተጻፈውን ሳትመረምር ፈረምክ?

(ፋብሪካዎቹን ላለማማት ያህል፦ ማንፍሮቶ ጣሊያን ነው። ጊትዞ እ.ኤ.አ. በ1917 ፈረንሳይ ውስጥ ተመሠረተ፤ ዛሬ እሱም የሚሠራው ጣሊያን ነው። ዕቃቸው ጥሩ ነው። ቂም አልያዝንም፤ አንቀጽ እያገላበጡ ማንበብ ግን ለምዶብናል።)

የዚህ «20 ኪሎ» ነገር እንዲህ ነው። ሁሉን ፋብሪካ የሚያስገድድ አንድ የመለኪያ ደንብ የለም። አንዱ ሳይሰበር የቻለውን ይጽፋል፤ ሌላው ሳይንሸራተት የያዘውን ይጽፋል፤ ሌላው ደግሞ ለጥንቃቄ ግማሹን ቆርጦ ይጽፋል። የአንዱ 20 የሌላውን 10 ላያክል ይችላል። 20 ኪሎ ጤፍ ብትጭንበት ላይወድቅ ይችላል፤ ጤፍ ግን ፎቶ አያነሳም። አንተን የሚያገባህ ስንት ይሸከማል ሳይሆን ሲነካ ምን ያህል ቆይቶ ዝም ይላል የሚለው ነው። እሱን ደግሞ ካርቶን ላይ የሚጽፍልህ የለም።

ስለዚህ ሌንስህን ይዘህ ሱቅ ግባ። ስታንዱን እስከምትሠራበት ቁመት ዘርጋ፣ ሌንሱን ጫን፣ የካሜራው ስክሪን ላይ ምስሉን እስከመጨረሻ አጉላ፣ የሌንሱን አፍ በጣትህ መታ አድርግና ምስሉን እየው። «አንድ» ብለህ ሳትጨርስ ከረጋ ዋጋ ጠይቅ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብሎ አራቱን ቅኝት አዳርሶ ከተመለሰ ግን ለአዝማሪ ይሸጥ።

ባለሱቁ «እየነካካህ አታበላሽብኝ» ካለህ፣ «የአምባሰል ነፋስም ይነካካዋል፤ እሱንም መጥተህ ትቆጣልኛለህ?» በለው።

ዓይንህ የት ይረፍ? መጀመሪያ የላይኛው የእግር ቱቦ ውፍረት ላይ። ለኤፍ 4 ትልልቆቹ 32 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ፈልግ። ከዚያ የእግሩ ዕጥፋት፦ ባለሦስት ክፍል ከባለአራት ይሻላል፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ አንድ የመላወሻ ሰበብ ነውና፣ የመጨረሻው ክፍልም እየቀጠነ ይሄዳል። ቀጥሎ መካከል ላይ ቆሞ ወደ ላይ የሚሳበው ምሰሶ። ምሰሶውን ስቦ ቁመት የሚጨምር ሰው የሦስት እግር ዋጋ ከፍሎ በአንድ እግር የቆመ ነው። ለዚህ ሥራ ምሰሶ የሌለውን ግዛ። እሱ ሲዘረጋ መሬት ላይ ይተኛልሃል፤ ወፍን በዓይኗ ትክክል ለማንሳትም የሚጠቅምህ እሱ ነው። አሉሚኒየም ወይስ ካርቦን? ካርቦን። ይቀላል፣ ንዝረትም ቶሎ ይውጣል። ንጋት ላይ ተራራው ጫፍ አሉሚኒየም በባዶ እጅህ ስትይዝ ሌላውን ምክንያት ራስህ ታገኘዋለህ።

እግሩ ተገዛ እንበል። ጭንቅላትስ?

600ውን ቦል ሄድ ላይ ጭኖ ብሎኑን የሚያላላ ሰው ጣቶቹን ይሰናበት። ሌንሱ ወደ ጎን ዘንበል ይላል፣ ያንተን ቆዳ ይቆነጥጣል፣ ሲብስበት ስታንዱንም ይዞ ይጋደማል። ለዚህ ነው ሌንሱን በሚዛኑ ላይ አንጠልጥሎ የሚይዝ፣ ወደ ጎንና ወደ ላይ ታች በአንድ ጣት የሚዞር ራስ የተሠራው። ጊምባል ይሉታል፤ የአሜሪካኖቹ ዊምበርሊ ስሙን ያስጠራበት ነው፣ ትልቁ ራሱ ብቻውን 1.4 ኪሎ ይሆናል። ሚዛኑን ካስተካከልክ ሳትቆልፈው ብትለቀው እንኳ ካስቀመጥክበት አይነቃነቅም። ችግሩ ሱቅ ስትገባ ነው። «ጊምባል አለ?» ስትል የሰርግ ቪዲዮ የሚቀረጽበትን፣ ባለሞተሩን ያወጣልሃል።

«ይሄ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይቆያል።»

«የኔው ባትሪ የለውም።»

«ታዲያ ተበላሽቷላ! እኛ ጋ ይጠገናል።»

ሌላም አለ፦ ካሜራውን ስታንዱ ላይ አስሮ ሦስት ኪሎ ሌንስ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል። የሌንሱ ወገብ ላይ ያለው ቀለበትና እግር ጌጥ መስሎህ ነው? የሚታሰረው እሱ ነው። ካሜራው የሌንሱ ጭራ ነው፤ በጭራው የተንጠለጠለ ነገር መጨረሻው አያምርም።

እሺ፣ ሐይቁ ዳር ወርደናል። ዳሩ ደንገልና ጭቃ ነው። ደረቅ መሬት ላይ መጀመሪያ የሚዘረጋው ወፍራሙ የላይኛው ክፍል ነው፤ ጭቃና ውሃ ውስጥ ግን ይገለበጣል። ቀጭኑን የታችኛውን አስቀድመህ ዘርጋ፤ መቆለፊያው ከውሃው በላይ ይቀራል፣ አሸዋም አይጠጣም። ይህን ያላወቀ ሰው ማታ ሆቴል ገብቶ እግሩን ሲያሽከረክር የሚሰማው ድምፅ ቡና የሚፈጭ ያስመስለዋል።

ውሃው ላይ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር ዓሣ አጥማጅ ወፍ አለ። አየር ላይ ቀጥ ብሎ፣ ክንፉን እያርገበገበ፣ አንገቱን ወደ ታች ደፍቶ ይቆማል፤ ከዚያ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ጎረምሳው እሱን ለመያዝ ሲታገል ጀልባ ቀዛፊው ያዩታል።

«የኔ ልጅ፣ እሱ ያለ ስታንድ አየር ላይ ቆሟል። አንተ በሦስት እግር መሬት ላይ ሆነህ ትንቀጠቀጣለህ?»

«አባባ፣ ጀልባ ላይ ልውጣና ከቅርብ ላንሳው።»

«ውጣ። ሦስት እግሩን ግን ተወው።»

«ለምን?»

«ጀልባዋ አንድ ጊዜ ስትወዘወዝ እኔ እበቃሃለሁ፤ እሱ ሦስት ጊዜ ይነግርሃል።»

ሽማግሌው ልክ ናቸው። ጀልባ ላይ የተተከለ ስታንድ የሞተሩን ንዝረትና የማዕበሉን ውዝዋዜ ለቅሞ ለሌንሱ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። እዚያ ላይ በእጅህ ያዝ፣ ፍጥነቱን 1/2000 ሰከንድና ከዚያ በላይ አድርግ፣ ሞተር ካላት አስጠፋ፣ የቀረውን ለወፉ ተው። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ የሌንሱን ማንገቻ አንገትህ ላይ ሳታጠልቅ አትጎንበስ። «ዓሣውስ እንዴት ነው?» ብለህ ብትጠይቃቸው ደግሞ ሌላ ይጨምሩልሃል፦ ቆሮሶው ለሐይቁ እንግዳ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው አምጥተው የጨመሩት። «እንግዳ ሆኖ መጥቶ ተዋልዶ ለወፉም ለእኛም ቀለብ ሆነ። አንተ እንግዳ ሆነህ መጥተህ ወፉን አባረርክ።»

እዚያው ሐይቅ ያለውን እስጢፋኖስ ገዳም የሚያነሳ ሰው ፈቃድ ይጠይቅ፤ ይህ ተረብ የለውም። «ሴት ስለሆንኩ ወንዶቹ ገዳም አያስገቡኝም፤ ምን ላድርግ?» ላልሽኝ እህቴ፦ ረጅም ሌንስ የተሠራው ላልተገባበት አይደል? ከዳር ሆነሽ የገዳሙ ዛፍ ላይ ያረፈውን ሁሉ ልቀሚው፤ ከገቡት የተሻለ ታገኛለሽ። ደግሞ ይህ ቦታ ምስል ካሜራ ካመጣን ወዲህ የጀመረ እንዳይመስላችሁ። በገዳሙ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ላይ ያለው የራሳቸው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕል የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ሠዓሊው ስታንድ አልነበረውም፤ እጁም አልተንቀጠቀጠም።

አሁን ወደምወደው ልግባ፣ ወደ ሽምብራው።

ለከባድ ሌንስ ከተሠሩት ድጋፎች ሁሉ ርካሹና አስተማማኙ ከረጢት ነው። ወፍራም ጨርቅ፣ ጥሩ ዚፕ፣ ውስጡ እህል። መኪና መስኮት ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ የካብ አጥር ላይ ታስቀምጠዋለህ፤ ሌንሱን ትጫነዋለህ፤ እህሉ የሌንሱን ቅርጽ ይዞ ይተኛል፣ ንዝረቱንም ይበላዋል። ፈረንጆቹ አውሮፕላን ላይ ባዶውን አጥፈው ይይዙና የደረሱበት አገር ገበያ ገብተው ይሞሉታል። አንተ የሽምብራ አገር ተወልደህ ከውጭ የተሞላ ታዛለህ፤ ለሽምብራ የአውሮፕላን ጭነት ትከፍላለህ።

ጎረምሳው ምክሩን ሰምቶ ገበያ ወጣ እንበል።

«እትዬ፣ ሦስት ኪሎ ሽምብራ ይስፈሩልኝ።»

«ለሽሮ ነው ለቆሎ?»

«ለሌንስ ነው። እሱ እንዲተኛበት።»

«ውይ! እኛ ጥርስ ላለው ስናጣ፣ አንተ ጥርስ ለሌለው ታነጥፋለህ?»

«ማታ ቆልቼ እበላዋለሁ።»

«እንዲያ ከሆነ ጨውም ግዛ።»

ለምን ሽምብራ? ጤፍ በስፌቱ ቀዳዳ ያፈተልካል፤ ኋላ ካሜራህ ውስጥ ታገኘዋለህ። ባቄላ ትልቅና ለስላሳ ስለሆነ ይንሸራተታል። ሽምብራ ሸካራ ነው፣ እርስ በርሱ ተያይዞ ይረጋል። ከረጢቱን ጥርቅም አድርገህ አትሙላ፤ የተወጠረ ከረጢት ሌንሱን እያንከባለለ ይጥልልሃል። ሲሶውን ባዶ ተው። ዝናብ አታስነካው። በክረምት አርጥበህ ሻንጣ ውስጥ የረሳኸው እንደሆነ በሳምንቱ የሚበቅል ስታንድ ይኖርሃል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሁለት ኪሎ አካባቢ የሆኑትን 150–600 ሌንሶች የያዘ ሰው፣ ሲግማና ታምሮን የሚሸጧቸውን ማለቴ ነው፣ አንድ ጥሩ ሞኖፖድና አንድ ከረጢት ሽምብራ ይዞ ከሐይቅ ዳር እስከ ቦረና ሳይንት ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ድረስ ሥራውን ይሠራል። ትልቁ ስታንድና ጊምባል የሚያስፈልገው አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ሰዓታት ለሚጠብቅ፣ ወይም ኤፍ 4ቱን ለያዘ ሰው ነው። ሁሉን ይዤ ልዙር የሚል ግን ወደ አምባሰል ይውጣና ይየው።

አምባሰል ዳገት ነው። ስታንዱ፣ ራሱ፣ ሌንሱ፣ ካሜራው፣ ውሃው ተደምሮ አሥር ኪሎ ያልፋል። ጎረምሳው ከግማሽ መንገድ በፊት ትንፋሹ ያልቅና የሰፈሩን ልጅ ያሸክማል።

«አንተ እዚያ ላይ ምን ልትሠራ ነው?»

«ጥንብ አንሳ ላነሳ።»

«ታዲያ ሦስቱ እግር የማን ነው?»

«የሌንሱ።»

«አራተኛውና አምስተኛው የኔ ነው፤ ሂሳብ ላይ እንዳትረሳው።»

ገደሉ አፋፍ ላይ ስትደርስ አሞራዎቹ ከአንተ በታች ያንዣብባሉ፤ ጊምባሉ ለዚህ ነው፣ ቁልቁል ለመከተል። ዳገት ላይ ሁለቱን እግር ወደ ቁልቁለቱ አድርግ፣ አንዱን ወደ ዳገቱ። የጎማውን ጫማ አውልቀህ ሹሉን ብረት አፈሩ ውስጥ ትከል፤ ዓለት ላይ ከሆንክ ጎማውን መልስ። ነፋሱ ካየለ ቦርሳህን መካከሉ ላይ አንጠልጥል፤ ታችኛው ጫፉ ግን መሬቱን ይንካ፣ አለበለዚያ ሌላ የሚወዛወዝ ነገር ነው የጨመርከው። ቁመቱን ቀንስ፤ ቁጭ ብለህ አንሳ። ክፍያ የለውም።

መስከረም 21 ግሸን የሚወጣ ደግሞ ይስማ። በዚያ ሁሉ ምዕመን መካከል፣ በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ሦስት እግር የዘረጋ ሰው የሦስት ሰው መንገድ ዘግቷል። «ይቅርታ፣ ፍሬሜ ውስጥ ገቡብኝ» ላልካቸው እናት የሚመልሱልህን እዚህ ልጽፈው አልችልም።

ኬላም አለ። የሌንሱን ቱቦ ከረጅም ቦርሳ እያወጣህ ሦስት እግር ላይ ስትተክል ከሩቅ የሚያይህ ሰው ወፍ አይደለም የሚያስበው። ቦርሳህን ሳትጠየቅ ክፈት፣ መታወቂያህንና ፈቃድህን አስቀድም፣ ያነሳኸውን ወፍ አሳይ። ፈታሹ ፎቶውን አይቶ «ይሄ እኮ ደብዝዟል» ካለህ አትከራከር፤ በነፃ የተሰጠ የባለሙያ አስተያየት ነው።

«ካሜራዬ እኮ ራሱ ማረጋጊያ አለው፤ ይህ ሁሉ ለምን?» ብሎ የመጨረሻውን ጥይት የሚተኩስ አለ። አለው። ማረጋጊያው የእጅህን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል፤ የሚበርን ክንፍ አያቆምም፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሌንስ የተሸከመን ክንድም አይተካም። አንዳንድ አሮጌ ሌንሶች ላይ እንዲያውም ስታንድ ላይ ሳታጠፋው ከረሳኸው የሌለ ንዝረት እየፈለገ ራሱ ይንቀጠቀጣል። አዲሶቹ ስታንድ ላይ መሆናቸውን ያውቃሉ። ያንተ የትኛው እንደሆነ መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ አንቀጽ እያገላበጥክ አንብበው ብዬሃለሁ።

«እሺ ገባኝ፣ ሁለቱንም መግዛት ግን አልችልም። የቱን ላስቀድም?»

እግሩን። ሌንሱን ተከራይ፤ በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ይወጣል፣ አሮጌው ዋጋው ይወርዳል። ጥሩ ስታንድ ግን መቆለፊያውን እያጠብክ ከያዝከው ሃያ ዓመት ያገለግልሃል።

«ሌንስ አከራዩ ‹መጀመሪያ ስታንድህን አሳየኝ› ቢለኝስ?»

ደንበኛው ሁን። ዋጋም አትከራከረው።